የሙሉኪያው ድንጋጤ

…ትስቃለች እንግዲህ፣ ትራሱን አፏ ላይ አፍና፣ በጀርባዋ ተንጋላ፣ ብቻዋን። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለችው ህንዳዊት ነርስ ሰምታ ዛሬም አምቡላንስ ብትጠራባትስ። አንዴ ጠርታባታለች። ኒዕማት ኩዌት በገባች በሁለተኛው አርብ ነው። ሙሉኪያ ሠርታ ነበር፣ ያንን በቀጭኑ ተከትፎ መረቅ ውስጥ ሲገባ እንደ ተልባ የሚያሙለጨልጭ ቅጠል፤ ነጭ ሽንኩርቱንና ድንብላሉን በቅቤ አቁላልታ፣ እየጮኸ ድስቱ ላይ ገለበጠችውና ደነገጠች። የምር ድንጋጤ አይደለም። እነሱ አገር ሙሉኪያ የምትሠራ ሴት ሁሉ ትደነግጣለች፤ ቁሌቱ ድስቱን በነካበት ቅጽበት፣ ልጇ ከጣሪያ ሲወድቅ እንዳየች እናት ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «ሂህ» ትላለች፣ ጎረቤት እስኪሰማ። ካልደነገጠች ቅጠሉ ይዘቅጣል፣ ከላይ አረንጓዴ ውኃ ብቻ ይቀራል። እና ኒዕማት ከልቧ «ሂህ» አለች፣ ነርሷ ሰማች፣ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ሰዎች ቃሬዛ ይዘው በሩን ደበደቡ። «ትንፋሽ ያጠራት ሴትዮ የት አለች?» ይላሉ። «ምን ያጠራት?» ትላለች ጭልፋዋን እንደያዘች። ጣቷ ላይ መቆንጠጫ ነገር ሰኩ፣ ወረቀት አወጡ፣ «የሕመሙ ምክንያት» የሚል ባዶ ቦታ ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው አዩዋት። «ሙሉኪያ በሉ» አለች። «በልተሽ ነው የታመምሽው?» «ኧረ ገና አልበላሁም፣ ቁጭ በሉና ቅመሱ።» አንዱ ቀመሰ፣ ሌላው ፈረመ፣ ወረቀቱን ትተውላት ሄዱ፤ እስከ ዛሬ ፍሪጁ በር ላይ ተለጥፏል። «ትንፋሽ፦ ጤናማ» ይላል፣ ማኅተም አለበት። በእሱ ነው የምትስቀው። ይህ ግን ገና ማሟሻው ነው፤ ዋናው ራት ሲቀርብ ይመጣል፣ ራቱ ደግሞ የሚቀርበው እዚህ ሳይሆን ባሕር ማዶ፣ የአገሯ ከተማ ደሱቅ፣ ኢንሺራህ ወጥ ቤት ነው።

ሁለት ቀን አልተኛችም፣ ዛሬም አልጋው ላይ ወጣች እንጂ እንቅልፍ የሚባል በዚያ አላለፈም። አርብ ከሰዓት በኋላ ነው፣ ከተማው መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ ተኝቷል፣ ውጪ አስፋልቱ ይጋያል፣ የአየር ማቀዝቀዣው እንደ አሮጌ ወፍጮ ያጓራል፣ እሷ ዓይኗን ኮርኒሱ ላይ ተክላ ኢንሺራህን ትሠራለች። መጀመሪያ ትከትፋታለች፣ በዚያ ሁለት እጀታ ባለው በግማሽ ጨረቃው ቢላዋ፣ ወዲያ ወዲህ፣ ወዲያ ወዲህ፤ ከዚያ ትቀቅላታለች። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት ላይ የቆየ ቂም ነው፣ ለስልሶ አጥንቱን ለቋል። ኢንሺራህ የባሏ የሰዓድ ታላቅ ወንድም ሚስት ናት፣ ሁለቱም ሙሽሮች አንድ ቤት ነው የገቡት፣ አንዷ ከላይ አንዷ ከታች፣ ድስቱ ግን አንድ። እና ኒዕማት ካገባች ገና ሦስት ሳምንቷ ነው፣ እጇ ላይ ያለው ሂና አልለቀቀም፣ አማቷ ሲት ገሊላ «የዛሬውን ሙሉኪያ አዲሷ ትሥራው» ትላለች። በዚያ ቤት ድስት መያዝ ማለት ቤት መያዝ ነው። ዳክዬው በስሏል፣ ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል። እሳቱን ዝቅ ታደርጋለች፣ ቅጠሉ ከገባ በኋላ መፍላት የለበትምና፣ ቁሌቱን ትገለብጣለች፣ ትደነግጣለች፣ በደንብ ነው የደነገጠችው፣ ጣሪያ ላይ ያሉት ርግቦች እንኳ ብር ብለዋል። ከዚያ ጣሪያ ላይ ካለው የዳቦ ምድጃ ዳቦውን ልታወርድ ወጥታ ስትመለስ ድስቱ ይንተከተካል። ቅጠሉ ወርዷል። የምድጃውን ማብሪያ ብታየው እስከ መጨረሻው ተከፍቷል፣ ማብሪያው ላይ ደግሞ እርጥብ ሊጥ ተለጥፏል፤ በዚያን ቀን በዚያ ቤት ሊጥ ሲያቦካ የዋለው እጅ አንድ ብቻ ነው።

ኢንሺራህ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ጭልፋውን አነሣች፣ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው፣ ሁሉም እንዲያየው፣ ውኃው ለብቻው ቅጠሉ ለብቻው። «ይቺማ አልደነገጠችም» አለች። «እዚሁ ደጃፉ ላይ ነበርኩ፣ ምንም አልሰማሁ። እናንተ ሰምታችኋል?» ማንም አልሰማም። ሲት ገሊላ ሙሽራዋን ከላይ እስከ ታች አይታ «ምን ታድርግ፣ ትንፋሽ አልሰጣት» አለች፣ እንደ ማዘንም ብላ፣ ይኼ ነው የባሰው። ድስቱ ለዳክዬዎቹ ተደፋ። ኢንሺራህ ዳክዬዎቹም አሽትተው ዞር አሉ ብላ ለሰፈሩ አወራች፣ ውሸቷን ነው፣ ግጥም አድርገው ነው የበሉት፣ ኒዕማት በመስኮት አይታለች። ግን የሦስት ሳምንት ሙሽራ አፍ የላትም። ስለ ሊጡ አልተናገረችም። ያን ጊዜ ብናገርስ ምን ነበር፣ አሁን ትላለች አልጋዋ ላይ፣ ማብሪያውን ነቅዬ፣ ሊጡን እንደተለጠፈ፣ ሳሎን ወስጄ ሲት ገሊላ ጭን ላይ ባስቀምጠውስ ምን ነበር። አላስቀመጠችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ ትንፋሽ አልባዋ ሆነ። ቅጠል ለቀመች፣ ሩዝ ለቀመች፣ ዶሮ ነጨች፣ ድስት ግን አላማሰለችም፤ ስትበላም መጨረሻ ነው፣ አንገትና ክንፍ፣ ያደረ ሩዝ፣ የተረፈ የተረፈውን። እሷም ያንን ያደረ ሩዝ በሽንኩርት ጠብሳ ከሥሩ ደርቆ እንዲንኮሻኮሽ አድርጋ ስታወጣው፣ ሰዓድ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ይገባል፣ ቆመው ከመጥበሻው ይበላሉ፣ «የእሷን ዛሬ ከምበላ ያንቺን ትናንት ልብላ» ይላታል፣ ጢሙ ላይ ሩዝ ተጣብቆ። ይላታል፤ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው ከሞተ፣ አሁንም ይላታል።

ከሞተ በኋላ ለልጃቸው የሚበቃ ነገር ስለጠፋ፣ ኩዌት ስፌት የምታውቅ ሴት ይፈለጋል የሚል ተገኘ፣ ኒዕማት ስምንት ዓመት የሆናትን ዱንያን ትታ መጣች። ለማን ትታ? ሌላ ማን አለና። እዚያው ቤት፣ እዚያው ድስት፣ ለኢንሺራህ። እዚህ ላይ ስትደርስ ሁልጊዜ ትገላበጣለች፣ አልጋው ይጮኻል። ጠላትሽ ብለሽ ስሟን የማትጠሪያት ሴት ልጅሽን ታብላልሽ፤ ይኼ ነው እንግዲህ ሕይወት። በየቀኑ ማታ ትደውላለች፣ የምትጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ምን በላሽ?» ዱንያ ዘጠኝ ዓመቷ ሳለ አንድ ቀን «እማ፣ ዛሬ አክስቴ ጎመን ጠቅልላ ሠርታልኝ፣ እንዴት እንደሚጥም» አለች። ኒዕማት ስልኩን ዘጋች። ሁለት ቀን አልደወለችም። ሁለት ቀን፣ በዘጠኝ ዓመት ልጅ ላይ። በሦስተኛው ቀን ስትደውል ልጅቷ ገና ሳትጠየቅ «ምስር በላሁ፣ ጨው አንሶታል» አለች። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሁሉም ነገር ጨው አንሶታል። ዓሣው ጨው አንሶታል፣ ባሚያው ጨው አንሶታል፣ የበዓሉ ሥጋ ጨው አንሶታል። ኒዕማት ሞኝ አይደለችም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጨው የሚያንሰው ድስት በዓለም ላይ የለም። ልጄን መዋሸት ያስተማርኳት እኔ ነኝ ትላለች፣ ለዚህም ቢሆን ኢንሺራህ ትከፍላለች ትላለች ወዲያው፣ እና ቢላዋው እንደገና ወዲያ ወዲህ።

ረቡዕ ነው ዱንያ ያለ ሰዓቷ የደወለችው። ለሸሪፍ ታጭታለች፣ አርብ ቤተሰቡ ፋቲሓ ቀርቶ ቃሉን ሊያስር ለራት ይመጣል፣ ይህን ኒዕማት ታውቃለች፣ ፈቃድ ጠይቃ አልሰጧትም፤ የትምህርት ቤት ልብስ የሚሰፋበት ወቅት ነው፣ የሥራ ፈቃዱም እድሳት ላይ ነው፣ ከወጣች መግባት የለም ተብላለች።

«እማ፣ የሸሪፍ እናት ሐጃ ፊክሪያ ምን አለች መሰለሽ» አለች ዱንያ። «ራቱ ሙሉኪያ ይሁን አለች።»

«ታዲያ ይሁናላ።»

«‹እናትሽ ያቺ ሙሉኪያ የዘቀጠባት አይደለችም?› አለችኝ። ‹ያንቺ እጅ ወደ ማን እንደወጣ እንይ› አለች። እየሳቀች ነው ያለችው ግን።»

«እየሳቀች» አለች ኒዕማት።

«አክስቴ ድስቱን እኔ እይዘዋለሁ አለች። ችግሩ፣ እማ፣ መደንገጥ አትችልም። ደረቷ ከክረምት ወዲህ ተዘግቷል፣ ትንፋሽ ስትስብ ሳል ይይዛትና ድስቱ ላይ ታስላለች። እኔ ደግሞ ስደነግጥ ሳቄ ይመጣል፣ ታውቂያለሽ። ጎረቤት ብንጠራ እስከ ማታ ደሱቅ ሙሉ ኢንሺራህ ትንፋሽ አለቀባት ይላል። ሐጃ ደግሞ ሳሎን ቁጭ ብላ ጆሮዋን ጥላ ነው የምትጠብቀው፣ ድንጋጤ ካልሰማች አትበላም። እና እኔ አሰብኩ… አንቺ በስልክ ብትደነግጪስ? ድምፁን ከፍ አድርገን ጨው ጣሳው ላይ እናስደግፍሻለን።»

«እሷ ምን አለች?»

«ሦስት ቀን እምቢ አለች። ዛሬ ‹በያት› አለችኝ።»

ኒዕማት «አስብበታለሁ» አለች፣ ስልኩን ዘጋች፣ ይኸው ስታስብበት ሁለት ቀን። አስቡት እስቲ። ኢንሺራህ በእሷ ትንፋሽ ላይ ፈርዳ፣ ትንፋሽ የላትም ብላ አስመስክራ፣ አሁን ያንኑ ትንፋሽ ልትዋስ። ተውሳም የራሷ አስመስላ ልትለብሰው። ኒዕማት አልጋዋ ላይ በቀሏን እንደ ሙሽራ ቀሚስ አንድ በአንድ እየለካች ታወልቃለች። ስልኩን አላነሣም፣ ድስቱን እንደያዘች ትቅር፤ ጥሩ ነው፣ ግን ልጅቷስ። ቁሌቱ ሳይገባ ቀድሜ ልደንግጥ፤ ሐጃ ትስቃለች፣ ግን የምትስቀው በዱንያ ነው። ልሳልባት፣ ኢንሺራህ እንደምታስለው ከኩዌት ድረስ ልሳልባት፤ በዚህኛው ብቻዋን ትስቃለች፣ ትራሱ እንደገና አፏ ላይ። የትኛውንም ብትለብሰው ጫፉ ልጇን ይነካል። ለዚህ ነው የማትተኛው፤ ቂሙ አይደለም እንቅልፍ የነሳት፣ ቂሙንማ ተቃቅፋው ነው የምትተኛ። ልጇን ሳትነካ ኢንሺራህን የምትነካበት መንገድ ነው የጠፋት።

ረኀብ አስነሣት። ፍሪጁን ከፈተች። አርብ አርብ ለሳምንት ትሠራለች፣ ሰባት የፕላስቲክ ዕቃ፣ በየክዳኑ የቀኑ ስም ተጽፎ፤ ሰባት ቀን የራሷን ትራፊ የምትበላ ሴት ናት፣ ያደረ ምግብ የሚጥመው ከመጥበሻው የሚሻማሽ ሲኖር ነው። የሐሙሱ ተርፏል፣ ሙሉኪያ። ትንሿ ድስት ላይ አደረገችው፣ እሳቱን ለኮሰች፣ ዓይኗ ግን ፍሪጁ በር ላይ ያለው ወረቀት ላይ ቀረ። ትንፋሽ፦ ጤናማ። ማኅተም አለበት። የሐማዳ እናት ኢንሺራህ ሆይ፣ መንግሥት መስክሮልኛል፣ እያለች ታወራለች ለወረቀቱ፣ እያወራች ሳለ አንድ ነገር ተንተከተከ። ዞር ስትል ድስቷ ይፈላል። ቅጠሉ ወርዷል፣ ከላይ አረንጓዴ ውኃ። በገዛ እጇ፣ በገዛ እሳቷ፣ ልክ እንደዚያ ቀን። ኒዕማት ጭልፋውን አንሥታ ከፍ አድርጋ ለቀቀችው። ውኃው ለብቻው ቅጠሉ ለብቻው። ቆማ አየችው፤ የሚያዘቅጠው እሳት ነው፣ ያን ቀን እሳቱን ማን እንደጨመረ የሚናገረው አፍ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ ፊቷ ላይ ፈገግታ መጣ፣ ከዚያ ጥርሷ መጣ፣ ከዚያ የዘቀጠውን ሙሉኪያ ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው በዳቦ ጠርጋ በላችው፣ ፊቷን ታጠበች፣ ጥሩውን ሻሽ አሰረች፣ ስልኩን ፊቷ አቁማ ጠበቀች።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ስልኩ ጮኸ። ምስሉ ሲመጣ መጀመሪያ ያየችው ምድጃውን ነው፣ ያው ምድጃ፣ ያው ማብሪያ። አራት ጊዜ አገሯ ገብታለች፣ አራቱንም ጊዜ ሳሎን ነው ያስቀመጧት፣ እንደ እንግዳ። ኢንሺራህ ገባች፣ ከስታለች፣ ደረቷ ያፏጫል፣ የመጥበሻ አያያዟ ግን ያው ነው።

«የዱንያ እናት፣ እንዴት ነሽ፣ ሙቀቱስ?»

«ደህና ነኝ የሐማዳ እናት። ሙቀቱማ ያው እሳት ነው፣ የሚጨምረው ሰው ካለ ይጨምራል።»

ኢንሺራህ ወደ ድስቱ ዞረች። ዱንያ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ ከድስቱ በማንኪያ ቀመሰች፣ ከልምድ ብዛት «ጨው አንሶታል» አለች።

«አላነሰውም» አለች ኢንሺራህ ዞር ሳትል። «አንሶትም አያውቅም። አሥራ ሁለት ዓመት ለእናትሽ ስትዪ ስትዪው እየሰማሁ ዝም ያልኩት ጆሮ የሌለኝ መስሎሽ ነው?»

ኒዕማት ይህን ስትሰማ ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። አሥራ ሁለት ዓመት ምግቧ በገዛ ቤቷ ሲታማ እየሰማች፣ ለልጅቷ ስትል። በነጻ ልደንግጥላት እንዴ፣ አለች ለአንድ አፍታ፣ ይብቃኝ እንዴ። ከዚያ ኢንሺራህ ቅቤውን መጥበሻው ላይ ጣል አድርጋ፦

«በይ ስሚ፣ ልክ ስገለብጠው ራሴን እነቀንቅልሻለሁ፣ ያኔ ደንግጪልኝ። ጮክ አድርጊው፣ ሳሎን ይሰማ።»

«ሐጃ ስትሰማ ማን ደነገጠ ትላለች?»

«እኔ ነኛ። ድስቱን የያዝኩት እኔ አይደለሁ እንዴ።»

በነጻ የሚለው ነገር እዚያው ሞተ። ነጭ ሽንኩርቱ ቅቤው ውስጥ ገባ፣ ጮኸ። ነጭ ሽንኩርት ጊዜ አይሰጥም፣ ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ ነጭ ነው፣ ገለባ ይመስላል፣ ወርቅ ይሆናል፣ ከወርቁ በኋላ ያለው ለማንም አይሆንም፣ ያረረ ቁሌት ያን ሁሉ ድስት ያመርረዋል። ገና ነጭ ነው።

«ዱንያ፣» አለች ኒዕማት፣ «ሐጃን ጥሪያት። ወጥ ቤት ትግባ።»

«አብደሻል?» አለች ኢንሺራህ።

«ጥሪያት ልጄ።»

ዱንያ አክስቷን አየች፣ ስልኩን አየች። እዚህ ላይ ኒዕማትን ስልኩን ልትዘጋ ቃጣት። የልጅቷ ራት ነው፣ የልጅቷ ቀን ነው፣ ብትቀየመኝስ፣ አሥራ ሦስት ዓመት በድምፅ ብቻ ያሳደግኳት ልጅ ዛሬ በስልክ ብታጣኝስ። ዱንያ ሳቋን የያዘች ፊት አደረገች፣ ያንን ስትደነግጥ የሚመጣባትን ሳቅ፣ እና ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች። ሽንኩርቱ ገለባ መስሏል።

ሐጃ ፊክሪያ በሩን ሞልታ ገባች፣ መቁጠሪያዋ በእጇ። «ምን ሆናችሁ ነው፣ ድንጋጤውን እየጠበቅን ጆሯችን ደነዘዘ እኮ።» ስልኩን አየችው። «ይቺ ማናት?»

«እናቴ ናት» አለች ዱንያ። «እሷ ናት የምትደነግጠው። አክስቴ ደረቷን አሟታል።»

«ያቺ ሙሉኪያ የዘቀጠባት?»

«እኔው ነኝ ሐጃ፣» አለች ኒዕማት፣ ወረቀቱን ከፍሪጁ በር ገንጥላ ስልኩ ፊት ዘረጋችው። «ትንፋሼ ደህና ነው፣ ይኸው ማኅተም አለበት። ያን ቀን እንዴት እንደዘቀጠ ደግሞ የሐማዳ እናት ታውቃለች፣ ትንገርሽ። ከነገረችሽ በኋላ እደነግጣለሁ፣ እስክንድርያ ድረስ ነው የማሰማሽ።»

ኢንሺራህ መጥበሻውን ይዛ ቆማለች። በአርባ ዓመት ወጥ ቤት አንዲት ፍሬ ሽንኩርት አሳርራ የማታውቅ ሴት ናት። ሳል መጣባት፣ ዋጠችው። ማብሪያውን አየችው፣ ሐጃን አየቻት፣ ዱንያን አየቻት፤ ዱንያ ቀስ ብላ «በያት አክስቴ» አለች። ሽንኩርቱ ወርቅ ሆነ። ጠርዙ ላይ አንዲቷ ፍሬ ቡናማ ልትሆን ጀመረች። ኒዕማት ከባሕር ማዶ ሆና ሽታው ይመጣባታል፣ አፏን ከፍታለች፣ ደረቷን ነፍታለች፣ ትንፋሿን በሩ ላይ አቁማዋለች፣ ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቀ ትንፋሽ። ኢንሺራህ መጥበሻውን ከድስቱ በላይ አነሣችው፣ አዘነበለችው፣ እና ፊቷን ወደ ማንም ሳታዞር፣ በአንድ ትንፋሽ፦

«እሳቱን የጨመርኩት እኔ ነኝ ሐጃ፣ ይቺ ደንግጣ ነበር፣ ሰምቻታለሁ፤ አሁን ደንግጪ የዱንያ እናት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሊያርብኝ ነው።»